ቀዩ ገመድ

ነጅመዲን ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በላይ ባለ ገላጣ ሜዳ ላይ ባለ አራት ጎማ ሞተር ያስተምር ነበር። ተራ መንዳት አይደለም፤ የፊት ጎማዎቹን አንስቶ በኋለኞቹ ብቻ መሄድን ነው። በዚያ ዓመት የትርኢት ቡድኑ አንድ ሰው ጎደለው።

ቦታውን ሁለት ሰዎች ፈለጉት። አንዷ ጉርድ ሾላ ቢሮ ውስጥ የምትሠራው ፌበን፣ ሌላው መካኒኩ አብራር።

«ይሄን እጅሽ ላይ እሰሪው» አለ ነጅመዲን፣ ቀይ ገመድ እያቀበላት። ሌላው ጫፍ መሪው ሥር ተሰክቷል። «ከተነቀለ ሞተሩ ይጠፋል። ስትወድቂ ራሱ ይነቀላል፤ ከፈራሽ ደግሞ አንቺ ሳቢው።»

«እሷማ ጎማው ገና ከመሬት ሲለቅ ነው የምትስበው» አለ አብራር። «የቢሮ ወንበር መስሏት።»

ፌበን የጃኬቷን እጅጌ ገመዱ ላይ ጎተት አደረገችው።

በሦስተኛው ቅዳሜ የፊት ጎማዎቹ ብድግ እንዳሉ ሞተሩ ድንገት ጠፋ። ነጅመዲን ከሜዳው ዳር ሮጦ ሲደርስ ፌበን መሪው ላይ አጎንብሳ ነበር።

«ምን ሆነ?»

«እንጃ። በራሱ ጠፋ።»

ገመዱ በቦታው ተሰክቷል። ነጅመዲን ቁልፉን አዞረው፤ ወዲያው ተነሣ።

በሚቀጥለው ሳምንትም ጠፋ። አብራር ካንዴላውን ቀየረ፣ የነዳጅ ቱቦውን አጸዳ፣ ራሱ ነድቶ ሞከረው። በእሱ እጅ አንድም ጊዜ አልጠፋም። ነጅመዲን ይህን ልብ አለ። ጠዋት ጠዋት ሞተሩን የሚፈትሸው አብራር ብቻ ነው፤ ቦታውንም ይፈልገዋል።

ሦስተኛ ጊዜ ሲጠፋ ተንሸራቶ ከባሕር ዛፍ ጋር ከመጋጨት ለጥቂት ተረፈ።

«ሰው ልታስገድለኝ ነው?» አለ ነጅመዲን ወደ አብራር ዞሮ።

«ወላሂ፣ ነጅሙ፣ አልነካሁትም። ፌበን፣ ንገሪው እንጂ።»

ፌበን መሬት መሬቱን አየች። «እኔ ስለ ሞተር ምን አውቃለሁ።»

አብራር መፍቻዎቹን ሰብስቦ በዚያው ቀን ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ጠፍቶ አያውቅም። ፌበን ግን ከበፊቱ ይልቅ ላብ ያጠምቃት ጀመር።

ለቡድኑ በተፈተነችበት ቀን የፊት ጎማዎቹ ከልክ በላይ ተነሡ።

«ሳቢው!» አለ ነጅመዲን።

እጇ ወደ ገመዱ ሄዶ ተመለሰ። ወደ ኋላ ተገልብጣ በክንዷ ላይ ወደቀች።

ነጅመዲን የተሰበረ ክንዷን በሻርፕ አሰረላት።

«እኔ የምፈልገው ሲፈራ ሞተሩን የሚያጠፋ ሰው ነበር» አለ። «አንቺ አንድም ቀን ገመዱን ስትስቢ አላየሁም። እንዲህ ከሆንሽ ቡድኑ ውስጥ አላስገባሽም።»

ፌበን እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ስቤ መልሼ ሰክቼዋለሁ፤ ለአብራር ሳልነግረው ይኸው ሰባት ዓመቴ።