ወደ ጥንቱ

ደጃዝማቹ ያሠሩት ባለ ሰገነት ቤት በቅርስነት መመዝገቡን ሲሰሙ እማማ ዘርፌሽዋል እልል አሉ። በአብዮቱ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ እልፍኙን ከሰጣቸው ጀምሮ፣ ያፈርሱብኛል እያሉ ሲሰጉ ኖረዋል።

የቅርስ ባለሙያው መጥቶ የተጠረበውን ድንጋይና የወይራውን ምሰሶ እየዳሰሰ ሲያደንቅ ዋለ።

«ሕጉ ጥብቅ ነው፣ እማማ። ከእንግዲህ ሁሉም ነገር በደጃዝማቹ ጊዜ ወደነበረበት ይመለሳል።»

«እሰይ፣ ደግ አደረጋችሁ። አልጋቸው እዚህ ጋ ነበር፤ ወንበራቸው እዚያ፣ በመስኮቱ በኩል።»

«እርስዎስ ያኔ የት ነበሩ?»

«እኔማ ገረዳቸው አልነበርኩ? ከጓሮ፣ ማድቤቱ ውስጥ ነበር የማድረው።»

ባለሙያው በመስኮቱ ወደ ጓሮ ተመለከተ።

«ጥሩ ነው፤ እሱም አልፈረሰም» አለ። «ዕቃ በማውጣት የሚያግዝዎ ሰው አለ?»