የእትዬ ጭልፋ የቅዳሜ ትሪ

እትዬ ጭልፋ በአውቶቡስ ጋራዡ ኩሽና ውስጥ ወንበር ላይ ተጎልተዋል። ግራ እግራቸው በጀሶ ተጠቅልሎ ነጭ ምሰሶ ሆኗል። ሰኞ ዕለት እርጥቡ ወለል አንሸራቶ ሲጥላቸው፣ ግቢው ውስጥ የቆሙት አውቶቡሶች ሁሉ ከጎማቸው ብድግ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ ይባላል።

የእናት አባት ስማቸውን እሳቸውም ሳይረሱት አይቀሩም። ጭልፋ ከእጃቸው ስለማይለይ ጭልፋ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ለአርባ ሾፌሮች አንድ ትሪ ቁርስ ይጋግራሉ። ከታች ደረቅ ዳቦ፣ ከዚያ ድንች፣ ከዚያ የተፈጨ ሥጋና አይብ፣ ከላይ ደግሞ በወተት የተመታ መቶ ሃያ እንቁላል ይፈስበታል። ትሪው ውሃ ላይ ቢጥሉት ስድስት ሰው ያሻግራል።

በሃያ ዓመት ውስጥ የቀሩት ሦስት ቅዳሜ ብቻ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ያ ክፉ ጉንፋን አልጋ ላይ ጥሏቸው ነበር። ያን ጊዜ ሾፌሮቹ ከመክሳታቸው የተነሳ ከመሪው ኋላ አልታይ ብለው፣ ተሳፋሪው አውቶቡሱ በራሱ የሚሄድ እየመሰለው ይወርድ ነበር አሉ።

ዛሬ ጭልፋው በምራታቸው እጅ ነው። ልጃቸውን ካገባች አራት ወሯ ነው፤ እዚህ ኩሽና ስትገባ ግን የመጀመሪያዋ። ደግሞ ዛሬ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ከሾፌሮቹ ጋር ቁርስ ሊበላ ይመጣል። አሮጊቷ ደክመዋል የሚል ወሬ ደርሶታል። ቀምሶ፣ ኩሽናው በማን እጅ እንደሚሆን ሊወስን ነው።

«ጨው» አሉ እትዬ ጭልፋ።

«ጨምሬያለሁ፣ እማማ።»

«እሱ ጨው አይደለም፣ ሰላምታ ነው። ያሁን ጨው እንደ ድሮው አይደለም፣ ሰንፏል። አራት እፍኝ አድርጊበት።»

ምራት ከጣሳው ዘገነች። ጀርባዋን ሰጥታ እጇን ትሪው ላይ ያራገፈች አስመሰለች። የእትዬ ጭልፋ ዓይን ግን በግድግዳም ያልፋል፤ ጨዉ ዞሮ ጣሳው ውስጥ ሲገባ አዩ።

ከተቀቀለው ድንች አንድ አስመጡና ቀመሱ። ፊታቸው ተጨማደደ። ይህን በሬ ቢሰጡት ይቀየማል አሉ። ምራትም ቀመሰችና ለእኔ ደህና ነው አለች፣ ቀስ ብላ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባቸው። ትሪው ከከሸፈ ስሙ የማን ነው? የእሳቸው። ኩሽናው የማን ይሆናል? የእሷ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

ሊነሱ ሞከሩ፤ ጀሶው እንቢ አለ። ጣሳው ሦስት እርምጃ ነው፤ ለእሳቸው ግን ባሕር ማዶ ነው። በመጥረጊያው እንጨት ሊስቡት ሲንጠራሩ፣ ምራት ጣሳውን አንስታ መደርደሪያው አናት ላይ ሰቀለችው። ለምን እንዳደረገችው ቢጠይቋት፣ እንዳይደፋ ነው አለች።

ትሪው ኦቨን ገባ። ያ ኦቨን አርጅቷል፤ በሩ አንዴ ከተዘጋ ሰዓቱ ሳይሞላ አይከፈትም። ከተከፈተ እንቁላሉ ይሰምጣል፣ ዳግመኛም አይነሳም። እትዬ ጭልፋ በመስታወቱ ውስጥ ሃያ ዓመታቸው ሲጋገር እያዩ ተቀመጡ።

ጋሼ ጥሩምባን አስጠሩ። ከሾፌሮቹ ሁሉ አንጋፋው ናቸው፤ ድምፃቸው የአውቶቡስ ጥሩምባ ስለሚያስንቅ ነው ስሙ የወጣላቸው። እትዬ ጭልፋ ሁሉንም ነገሯቸው። ጋሼ ጥሩምባ ልጅቷን አዩ፣ ኦቨኑን አዩ። አንዴ ገብቷል፣ ምን ይደረጋል አሉና ወጡ።

ሾፌሮቹ እዚያው ኩሽናው ውስጥ፣ እንደ ወትሯቸው ሁለት ሁለት ብርጭቆ ውሃ ቀድተው ተቀመጡ። ሥራ አስኪያጁ መካከላቸው ገባ። ትሪው ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ የተሰማው የሹካ ድምፅ ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሁለተኛ ሳህን ጠየቀ፤ ሰው ይህን እየበላ ለምን ያጉረመርማል አለ።

እትዬ ጭልፋ ከድርሻቸው አንዴ ጎረሱና ገለባ ሆነባቸው፤ መታገስ አልቻሉም።

«ይሄ የኔ አይደለም» አሉ። «ምራቴ ናት ጨው ነፍጋ ያበላሸችው። የኔ ከዚህ ይሻላል።»

አርባ ሹካ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ግራ ገብቶት ወደ ጋሼ ጥሩምባ ዞረና እውነት መሆኑን ጠየቃቸው።

ጋሼ ጥሩምባ ሦስተኛ ሳህናቸው ላይ ነበሩ። የጎረሱትን ዋጡ። እትዬ ጭልፋን አዩ፤ አሮጊቷ የወንበሩን ክንድ ጨብጠው ይጠብቃሉ።

«እውነት ነው፣ አለቃ» አሉ። «የሳቸው በጣም ይሻላል።»

ሠላሳ ዘጠኝ ራስ፣ ኮረኮንች ላይ እንደሚሄድ ተሳፋሪ፣ ወደ ላይ ወደ ታች ተነቃነቀ። ሥራ አስኪያጁ ይህን ያህል ሰው ከመሰከረ እኔ ማን ነኝ አለ፤ እግራቸው ሲሽር ኩሽናው የእሳቸው ነው፣ እስከፈለጉት ጊዜ ድረስ።

እትዬ ጭልፋ ጀሷቸውን ረስተው ሊጨፍሩ ምንም አልቀራቸውም። «አየሽ?» አሏት ምራታቸውን።

ምራት ዓይኗ እንባ አቅርሮ ሳህን መሰብሰብ ጀመረች። ተልሰው የታጠቡ ይመስላሉ፤ ፍርፋሪ የቀረበት አንድም የለም። ጋሼ ጥሩምባ የራሳቸውን ይዘው እስከ ማጠቢያው ተከተሏት።

«ሦስት ሳህን በልተው ለምን ዋሹብኝ፣ ጋሼ?» አለቻቸው።

ጋሼ ጥሩምባ ያንን ድምፃቸውን ወደ ሹክሹክታ አወረዱት። «ልጄ፣ ምላሳቸው ጣዕም መለየት ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነው፣ እሳቸው ብቻ ናቸው ያላወቁት፤ እኛ ችለነዋል፣ አንቺም ቻይው።»