የሰው ወንበር

«ሲነዝርሽ ንገሪኝ፤ ማንም ቻይ አላለሽም» አለቻት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ፣ ጡንቻ በኤሌክትሪክ የሚያጠነክረውን ማሽን ቁልፍ እያዞረች። ከወለደች ወዲህ ሽንቷ የሚያመልጣት ታካሚዋ ግን ኤሌክትሪኩ ከማህፀኗ ሥር ሲነድፋት ጥርሷን ነከሰች፤ እናቷ አጠገቧ ተቀምጠው ነበር።

«እኛ ስንቱን ስንወልድ ማን በኤሌክትሪክ ጠገነን? የዘንድሮ ሴት ቅምጥል ናት!» አሉና በራሳቸው ቀልድ ሲስቁ ሳል አጣደፋቸው። አየር ፍለጋ ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ።

ወንበሩ ላይ ያነጠፉት ፌስታል ቀረ። እናቷ የትም ሲሄዱ ፌስታል ሳያነጥፉ አይቀመጡም፤ «የሰው ወንበር አቧራ ነው» ይላሉ፤ እሷም ዕድሜ ልኳን በጽዳታቸው ስትቀልድ ኖራለች። አሁን ፌስታሉ መሃሉ ላይ ሽንት አቁሯል።

እናቷ፣ ልጃቸው ወዴት እንደምታይ አዩ። ተመልሰው እዚያው ላይ ተቀመጡና፣ «ቻይው ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፤ «ይለመዳል።»