አንድ ዐይኗ ብቻ የተኳለ ሙሽራ

ዝም ማለት ማታለል ነው እንዴ?

ሚንሩ ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ መመለስ አልቻለችም...

«እጅሽን ከልጄ ፊት ላይ አንሺ!»

የጮኸችው የሙሽራዋ እናት ናት።

ሚንሩ ብሩሹን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። የሙሽራዋ ቀኝ ዐይን ተኩሏል... ግራው ገና ነው።

«ሆድሽ ላይ ያሰርሽው ምንድነው?»

ሚንሩ የሙሽራዋን ጸጉር ወደ ላይ ልታስይዝ እጇን ስታነሳ፣ ሰፊው ሸሚዟ አብሮ ተነስቶ ነበር። ከሥሩ ቀይ ክር ታየ።

በታይዋኗ ታይናን ከተማ ሆዷ ላይ ቀይ ክር አስራ ሠርግ ቤት የምትገባ ሴት ነፍሰ ጡር ናት። የሠርግ ደስታና የፅንስ ደስታ ከተጋጩ አንዱ ይሰበራል ይባላል። ወይ ትዳሩ... ወይ ፅንሱ።

ሚንሩ ክሩን ያሰረችው ሙሽራዋንም የራሷንም ፅንስ እንዲጠብቅላት ነበር። እሱው አጋለጣት።

«እትዬ፣ ይቅርታ... ክሩ እኮ ይከላከላል...»

«ማንን ነው የሚከላከለው? አንቺን ነዋ! ታላቋን ኩለሽ የዳርሽልኝ አንቺ ነሽ። እንደ ልጄ ነበር የማይሽ! እንዲህ ነሽ ለካ?»

ሙሽራዋ ማልቀስ ጀመረች። «እማዬ፣ ሙሽራውና ወገኖቹ እየደረሱ ነው። በአንድ ዐይን ልዳር?»

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ...

ሚንሩ ሱቅ የላትም። ማስታወቂያ የላትም። ያላት እጇ ነው። አንዷን ሙሽራ ታሳምራለች፣ ሙሽራዋ ለአክስቷ ልጅ ትነግራለች፣ የአክስቷ ልጅ ለጓደኛዋ... እንዲህ ነው የኖረችው። ሙሽሮቿ ሲወልዱ ትጠይቃለች፣ ከባል ሲጣሉ ለሷ ነው የሚደውሉት።

ካይዌን አብራት ሙያውን የተማረች ጓደኛዋ ናት። እሷ ግን የሙሽራ ማስዋቢያ ቤት ከፈተች። መስታወቱ ላይ ስም አስጻፈች፣ ሴቶች ቀጠረች፣ አሠልጥና ትልካለች። ራሷ ብሩሽ ከያዘች ቆይታለች።

ሚንሩ ትስቅባታለች። «አንቺ እኮ የሙሽራሽን ስም እንኳ አታውቂም!»

«እኔ ባላውቃትም ቤቴን ታውቀዋለች። አንቺ ግን ጉንፋን ሲይዝሽ፣ ሙሽራሽ ናት የምታስነጥሰው!»

ሚንሩ ስታረግዝ ካይዌን መጣች።

«ባልሽ ባሕር ላይ ነው። እስክትወልጂ ሙሽሮችሽን ለኔ ስጪኝ። ያሠለጠንኳቸውን ልጆች በስምሽ እልካቸዋለሁ። ስትነሺ ትረከቢኛለሽ።»

«ለድመት ዓሣ በአደራ ይሰጣል እንዴ?» አለችና እምቢ አለቻት።

ሰፊ ሸሚዝ ገዛች... ሆዷን ሸፈነች... ሥራዋን ቀጠለች።

እንግዲህ ወደዚያ ክፍል እንመለስ። ርችቱ ከመንገዱ ጫፍ መተኮስ ጀምሯል። ሙሽራው ደርሷል።

ሚንሩ ሌላ ምን ታድርግ? ለካይዌን ደወለች።

ካይዌን አንዲት ሠራተኛዋን በሞተር አፈናጥጣ እየበረረች መጣች። ሠራተኛዋ ሮጣ ገባች። ካይዌን ግን ደጃፉን አላለፈችም። እዚያው ውጭ ቆማ ቀረች... እንደ እመቤት።

ሚንሩ ዕቃዋን ሰብስባ ስትወጣ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«ግቢ እንጂ! ውርደቴን ቀረብ ብለሽ እይው!»



ወሬው ሠርጉ ሳያልቅ ዘመድ አዝማዱን አዳረሰ። ከአፍ ወደ አፍ ሙሽራ ሲያመጣላት የኖረው ወሬ፣ በዚያው መንገድ አንድ በአንድ ወሰዳቸው። «ምን ሆነሽ ነው የደበቅሽው?» ያለቻት አንድም አልነበረችም። ሁሉም ካይዌን ቤት ሄዱ።

ሚንሩ ወለደች። የአራስነት ወሯን ያለ ጠያቂ ተኛች። ካይዌን በሰሊጥ ዘይትና በዝንጅብል የተሠራ የዶሮ ሾርባ በሰው ላከችላት።

«ለሌባ ሾርባ አፍ የለኝም በያት!» ብላ መለሰችው።

ወሩ እንዳለቀ በሩ ተንኳኳ። ካይዌን ናት።

ሚንሩ ስድቧን አዘጋጅታ ከፈተች...

የካይዌን ሆድ በሩን ሞልቶታል።

«ስንት ወርሽ ነው?»

«ሰባት ገባ።»

ሚንሩ ወደ ኋላ አሰበች... ያ ሠርግ... ያ ደጃፍ...

«ያን ቀን... ለዚህ ነው ያልገባሽው?»

«ገና ሁለተኛ ወር ላይ ነበርኩ። እኔም ክር አስሬ ነበር። አንቺን እንዲያ ሲያደርጉሽ እየሰማሁ እንዴት ልግባ?»

«ሙሽሮችሽ አያውቁም?»

«የትኛዋ አይታኝ? የሚሄዱት ልጆቹ ናቸው። ስወልድም ይሄዳሉ።»

«የኔዎቹንስ ለምን ወሰድሽ?»

«እኔ አልጠራኋቸውም ሚንሩ። እስክትወልድ ጠብቋት ብዬ ለመንኳቸው። ‹እሷን እንዳትልኪብን› ነው ያሉኝ። መልሰው ደግሞ ‹እንደ ሚንሩ አድርጎ የሚኩል አለሽ ወይ?› ይሉኛል።»

እጇን ይፈልጉታል... እሷን ግን አይፈልጓትም።

ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ።

«ነይ እኔ ቤት ሥሪ» አለች ካይዌን። «አልዋሽሽም፣ ስምሽን አላወጣውም። ስምሽ ከወጣ የሚመጣ የለም። ኩልሽን ለልጆቹ አስተምሪልኝ።»

ወገኖቼ... ብቻውን የሚሠራ ሰው ደንበኛ የሚያገኘው በእጁና በፍቅር ነው። የሚቆዩለት ግን እሱ ቆሞ እስካለ ነው። ቤት የከፈተ ሰው ደግሞ እሱ ሲወድቅ የሚቆምለት ሰው አዘጋጅቷል። ስለዚህ ጤና ሳለን የሚተካን ሰው እንፈልግ... ላግዛችሁ ያለንን ሁሉ ሌባ አንበል።

ሚንሩ እስካሁን መልስ አልሰጠችም። ባሏ ከባሕር አልተመለሰም። ስትጨነቅ ወተቷ ይሸሻል። ኩሏን ካስተማረች ደግሞ፣ የኔ የምትለው የመጨረሻው ነገር የሰው ይሆናል።

ካይዌን መውለጃዋ እየቀረበ ነው፣ መልስ ትጠብቃለች...

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ስሟን ደብቃ የጓደኛዋ ቤት ትግባ? ወይስ ማንም በማያውቃት ከተማ ልጇን አዝላ እንደገና ትጀምር? በተለይ እናቶች... ከመፍረዳችሁ በፊት እባካችሁ ምከሯት።