ኤቢሱ አይወርድም

«የታለ ታዲያ?» አለ የኢንሹራንሱ ሰው አቶ ሙናካታ፣ ጣቱን በጀልባዋ ጎን ላይ ባለው ቀዳዳ እንደሰካ። «የመታችሁ ነገር የት ገባ?»

ኢሶኤ ሰማያዊ ሹራቧን ወደ ታች ጎተት አደረገች። «ተቀምጧል።»

«ማን ነው የተቀመጠው?»

«ኤቢሱ ነዋ! እላይ፣ ከጥዱ ሥር፣ ቤቱ ውስጥ።»

ባሏ ሱኤኪቺ ግንባሩን በመዳፉ መታ። የኢንሹራንሱ ሰው ከዋናው ደሴት ድረስ በመርከብ ሲመጣ የሚሰማው ይሄን ነው? ጀልባ ሠሪው ሽማግሌ ጎሄይ ግን መጋዙን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ይስቃሉ።

«አባባ ጎሄይ ደግሞ አይሳቁ፤ ሚስማርዎ ሹራቤን ቀዶብኛል» አለች ኢሶኤ።

«የኔ ሚስማር? የኔ ሚስማር ከሴት ሹራብ ምን ጉዳይ አለው?» ብለው ይባስ ሳቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት ባልና ሚስቱ ከዓሣ ሲመለሱ፣ ውሃ ውስጥ ያለ የማይታይ ነገር ጀልባዋን ከጎኗ መታት። ኢሶኤ ከታች ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ለገመዱ ክምር ሰጥታ መንጠቆ ታስር ነበርና በግንባሯ ተደፋች። ግንድ ነው፣ አለቀልን፣ አሉ። ውሃው ግን ጠብ ጠብ ከማለት አልፎ አልገባም። ተመስገን ብለው ወደብ ደረሱ። ጀልባዋ ወደ ደረቁ ስትጎተት ከውጭ በኩል አንድ የተሰበረ አጥንት ተሰክቶ ታየ፤ እንደ ጦር የሾለ የአንድ ትልቅ ዓሣ አፍንጫ ነው። በነሱ መንደር ባሕር በገዛ እጁ አምጥቶ የሰጠው ነገር ኤቢሱ ነው፤ የዓሣ አጥማጅ አምላክ። አይጣል፣ እቤት አይቀመጥ፤ ቦታው ከጥዱ ሥር ያለችው ክፍት የጸሎት ጎጆ ናት። ሱኤኪቺ ኢንሹራንስ ጋ ሊደውል ሄድ ሲል፣ እሷ በጎሄይ ጉጠት ታግላ ነቀለችው። ዓይኗን እንባ እየጋረዳት፣ በምሽቱ ድንግዝግዝ ተሸክማ ወጣች፣ የሩዝ ጠጅ አፈሰሰችበት፣ ጫፉን ወደ ባሕሩ አዙራ አስቀመጠችው። አንዴ የተቀመጠ ኤቢሱ ደግሞ አይነሳም። ያነሳው ሰው የመንደሩን ዓሣ ያሸሻል።

«ወይዘሮ ኢሶኤ፣ ይረዱኝ» አለ ሙናካታ። «እኔ የማየው ቀዳዳ ብቻ ነው። ጣውላው አርጅቷል። አለቆቼ በስብሶ ነው ቢሉኝ ምን ይዤ ልከራከር? ኢንሹራንስ ለአደጋ እንጂ ለእርጅና አይከፍልም።»

«ሰማሽ?» አለ ሱኤኪቺ። «አምላክሽን አስቀምጠሽ እኛን አስነሳሽን!»

«አንተ ዝም በል! ትናንት ‘ኤቢሱ አድነን’ እያለ የጮኸው ማን ነው? እኔ ነኝ?»

ኢሶኤ ግን አፏ እንጂ ሆዷ አልጀገነም። ካሳው ከቀረ ጀልባዋ ተፈልጣ ማገዶ ትሆናለች፤ እነሱም ከተማ ልጃቸው ጋ ይገባሉ፣ መስኮቱ ግድግዳ የሚያይ ጠባብ ክፍል ውስጥ። ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ ያደረችው በዚሁ ነው። ቢሆንም አምላክን ከመቀመጫው ጎትቶ ማውረድ እጇ እሺ አይላትም።

ሙናካታ ኮፍያውን አውልቆ ወደ ጥዱ የሚወስደውን አቀበት አየ። «አባባ፣ ይሄ ጣውላ ለጥገናው መቆረጡ ይቀራል?»

«ምን ሲደረግ! በአዲስ ይተካል እንጂ።»

«እንግዲያው አሁኑኑ ይቁረጡት። እሱ ካልወረደ ጣውላው ይውጣ።»

ጎሄይ ቆረጡት። ሱኤኪቺና ሙናካታ ከወዲያና ከወዲህ ይዘው እያለከለኩ አወጡት። ከጥዱ ሥር ሲደርሱ ሁሉም እንደ መንደሩ ልማድ ሁለት ሁለት ጊዜ አጨብጭበው ለአምላኩ እጅ ነሱ፣ የኢንሹራንሱም ሰው። ከዚያ የጣውላውን ቀዳዳ በአጥንቱ ጫፍ አስገብተው ቀስ እያሉ ገፉት።

ሄደ፣ ሄደና ጥርቅም ብሎ ያዘ። ነፋስ እንኳ የሚያልፍበት ክፍተት አልነበረውም።

«ግጭት ነው» አለ ሙናካታ። «እንዲሁ ብዬ ነው የማቀርበው። ጀልባችሁ ትጠገናለች።»

ኢሶኤ አጠገቧ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። እልል ልትል ነበር፤ ወንዶቹ ግን የሚያዩት ከጣውላው ወዲህ የተረፈውን ነው፣ ጀልባዋ ውስጥ ገብቶ የነበረውን። ከክንድ ይረዝማል።

«ይሄ ሁሉ ውስጥ ነበር?» አለ ሙናካታ።

«ገመዱ ሸፍኖት ነው» አለ ሱኤኪቺ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

ኧረ ጉድ! ያ ፍጥረት በዚያ ጨለማ ውሃ ውስጥ ባለ በሌለ ኃይሉ መጥቶ ወጋቸው፤ መልሶ ደግሞ የወጋበትን ጦር እዚያው ሰብሮ ቀዳዳውን ደፈነላቸው። ኢሶኤ ደረቷ ውስጥ ፍርሃት ይሁን ምስጋና ያልለየችው ነገር ሞላ።

ሙናካታ ፎቶ ሊያነሳ ጎንበስ አለና ስልኩን መልሶ ዝቅ አደረገ። «ይሄስ ምንድን ነው?»

ከአጥንቱ ጫፍ ላይ የደረቀ ጠጅ ያጣበቃት አንዲት የክር ብጣሽ ነበረች። ሰማያዊ ናት።

ጎሄይ አልሳቁም። ሱኤኪቺ ክሯን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ዞሮ ከኋላዋ ቆመ። ኢሶኤ አልዞረችም። ከሁለቱ ትከሻዎቿ መካከል፣ ሹራቧ የተቀደደበት ቦታ ላይ፣ የባሏ ቀዝቃዛ ጣት በቀዳዳው ገብቶ ቆዳዋን ሲነካት ተሰማት።