የጠዋቱ ውሃ

ቄስ ምንይሉ መደብ ላይ እንደተቀመጡ የውሃውን ጣሳ ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ በሩ ላይ በቆመው በጎረቤታቸው በስጦታው ላይ አፈጠጡ።

"አባ፣ ሌላው ቄስ ሞጣ ሄደው ቀሩ። ያለ እርስዎ ቅዳሴ አይገባም፤ ልጄ ደግሞ ዛሬ ክርስትና ትነሣለች።"

"ይህን ከቀመስሁ እንደማልቀድስ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"የእርሻ ድንበሬን ስትገፋም ታውቅ ነበር!" ጣሳውን ዘረጉለት። "እሷን አቆርባለሁ። አንተ ግን ከእኔ እጅ አትቆርብም። ጠጣ!"

ስጦታው ከልጁ ጋር ሊቆርብ ንስሐ ገብቶ መሰንበቱን አገር ያውቃል። እምቢ ብሎ ይሄዳል፣ እኔም ለዚህ ቀማኛ ከመቀደስ እገላገላለሁ ብለው ነበር። እሱ ግን ጣሳውን ተቀብሎ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ ጨለጠው።

አፉን በጋቢው ጠረገና "ይነሡ እንግዲህ፣ ረፍዷል" አላቸው።