የቻናል አንድ ሌባ

ኤልሳዕ ከጉርድ ፎቶ ሊገላገል አንድ ሰርግ ብቻ ቀርቶት ነበር።

ሁለት ዓመት ሙሉ በሶዶ መነኸሪያ አጠገብ ባለች ስቱዲዮ ውስጥ "ቀና በል፣ አገጭህን ዝቅ፣ አትሳቅ" ሲል ኖሯል። በ2004 ሚያዝያ ግን የስቱዲዮው ባለቤት ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ የሙሽራዋ ወገን ያዘዛቸውን የምሕረትን ሰርግ ሰጡት።

"ይቺን ካሳመርክ የሰርግ ሠራተኛዬ ነህ" አሉት። "ካበላሸህ ግን እስክትሸብት ጉርድ ፎቶ ነው!"

ኤልሳዕ ፍላሹን ከካሜራው ነጥሎ ሊያበራ ቆርጧል። ካሜራው አናት ላይ ያለ ፍላሽ ፊትን እንደ ሰሃን ጠፍጣፋ ያደርገዋላ። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ግን አፍንጫም አፍንጫ፣ ጉንጭም ጉንጭ ይሆናል። ለዚህም ከአዲስ አበባ በሰው ያስመጣት የቻይና ትሪገር አለችው። ነገሩ ቀላል ነው። ትሪገር ሁለት ቁራጭ ናት፤ ላኪዋ ካሜራው ላይ፣ ተቀባይዋ ፍላሹ ሥር ትሰካለች። ካሜራውን ስትጫነው ላኪዋ በሬድዮ "አሁን!" ትላለች፤ ተቀባይዋ ሰምታ ፍላሹን ታስነሳዋለች። ሁለቱም የየራሳቸው ትንንሽ ባትሪ አላቸው።

አርብ ዕለት ዶሮውን፣ እንሰቱን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሲያነሳ ዋለና የፍላሹ ባትሪ አለቀ። አራቱንም አውጥቶ ለእናቱ ሬድዮ ሰጠ፤ ለፍላሽ የደከመ ባትሪ ለዜና ይበቃል። ቅዳሜ ጠዋት አራት አዲስ ገዛ፣ ከወንድሙ ከደገፉ በተዋሰው ኮት ኪስ ከተተና በባጃጅ ወደ ቤተክርስቲያኑ አዳራሽ በረረ።

አዳራሹ ውስጥ ከመዘምራኑ ኋላ አንድ ጥግ ብቻ ነፃ ነበር። ፍላሹን በነጭ ጃንጥላው እዚያ አቆመ። ካሜራውን አንዴ ተጫነ፤ የተቀባይዋ ቀይ መብራት ብልጭ አለች። ወዲያው ውጭ የመኪና ጥሩንባ ተንጫጫ። ሙሽራዋ ደርሳለች። ሮጠ።

ሲመለስ ከፍላሹ ጎን፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ሌላ ፍላሽ በሌላ ነጭ ጃንጥላ ቆሟል። ባለቤቱ ዳልጮ ይባላል፤ የሙሽራው ወገን ከአረካ ያመጣው ፎቶ አንሺ ነው።

"ወንድሜ፣ ሌላ ቦታ አጣህ?" አለው ኤልሳዕ።

"ካለ አሳየኛ! አትፍራ፣ የኔ ፍላሽ አትናከስም።"

ሥነ ሥርዓቱ ተጀመረ። ኤልሳዕ እያነሳ የካሜራውን መስኮት ሲያይ ማመን አቃተው። የምሕረት ጉንጭ እንደ ቅቤ ያበራል! ጥላው ራሱ ልስልስ ያለ ነው።

ቃል ኪዳን ላይ ግን አንድ ነገር አየ። እሱ ካሜራውን ሳይጫን ጥጉ ቦግ አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቦግ። ዞር ሲል ዳልጮ ካሜራውን ከዓይኑ እያወረደ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ማስረዳት ያስፈልጋል። ትሪገር ቻናል አላት፤ ያቺ ሁለቱም የያዟት የቻይናዋ ደግሞ ከፋብሪካ የምትወጣው ቻናል አንድ ላይ ተደርጋ ነው። በዚያ ቻናል ማንም ይጥራት፣ አቤት ትላለች። የጌታዋን ድምፅ አትለይም።

ኤልሳዕ ገባው። እዚያው አዳራሽ ውስጥ ግብዣው ላይ ዳልጮን በክርኑ ጎሸመው።

"ፍላሼን እያበራህብኝ ነው! ባትሪዬን ጨረስከው! ቻናልህን ቀይር!"

"የምን ቻናል? እኔ የማውቀው የቴሌቪዥኑን ነው።"

"አታሹፍ!"

"ኧረ የኔ ነች ሳልነካት የምትበራው! ፆሲ ያውቃል፣ እግዜር ምስክሬ ነው!"

"ጭራሽ!" አለ ኤልሳዕ።

ጩኸቱን ሰምተው የሙሽራው አጎት አቶ ጩማ ከጥሬ ሥጋቸው ተነሱ። ነገሩን አዳመጡና ፈረዱ። "ዳልጮ፣ ያንተን አጥፋ። እሱ ለብቻው ይሥራ።"

ዳልጮ አጠፋ። ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ቢላዋውን ያዙ። ኤልሳዕ ተጫነ። ጨለማ። ደግሞ ተጫነ። ኬኩም፣ ሙሽራዋም፣ ቬሎውም እንደ ድስት ቂጥ ጠቁረዋል። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ታዩት፤ "ቀና በል፣ አትሳቅ" ታየው።

"አቃጠለው! ፍላሼን አቃጠለው!"

አቶ ጩማ ዳጣ የነካውን ጣታቸውን ጠርገው ሁለቱንም ፍላሾች ዳሰሱ። "የዳልጮ እንደ ምድጃ ይፋጃል። ያንተ ውርጭ ነው።"

"አዩ አባባ? ሞቷል ማለት ነው!" አለ ኤልሳዕና ስለ ሬድዮ ሞገድ ያስረዳ ጀመር። ረጅም ማብራሪያ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንድም የገባው የለም፤ ሁሉም ግን አመኑት።

"ልጄ" አሉ አቶ ጩማ ወደ ዳልጮ ዞረው፣ "የሙሽራዋ ወገን በልጃችን ሰርግ ተቀይሞ አይሄድም። ያንተን ስጠው።"

"ለዛሬ ነው አይደል አባባ?"

"የሱን አቃጥለህ? ለሁልጊዜ ነው እንጂ።"

"ያለችኝ እሷው ብቻ ናት እኮ።"

"ስጠው ብያለሁ።"

ዳልጮ ፍላሹን ከእስታንዱ ነቀለ። በሸሚዙ ጫፍ አቧራዋን ጠረገላት። "ስትግል ትንሽ አሳርፋት" አለ፤ "ዛሬ ምን እንደነካት እንጃ፣ እጥፍ ሠርታለች።"

"አመስግነው እንጂ፣ ጋላታይስ በለው" አሉ አቶ ጩማ።

"ጋላታይስ" አለ ኤልሳዕ፣ ፊቱን ሳይፈታ።

ኬኩ እንደገና ተቆረሰ። ፎቶው አንድ እንኳ አልተበላሸም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ መነፅራቸውን አድርገው ሁሉንም አዩ፤ ከዚያ መነፅራቸውን አወለቁ። "ለጉርድ ፎቶ ሌላ ሰው መፈለጌ ነው" አሉ። በዚያው ሰዓት ዳልጮ አንድ ባዶ እስታንድና አንድ ጃንጥላ ታቅፎ ከስቱዲዮው ማዶ የአረካ ሚኒባስ ላይ ሲሳፈር፣ ኤልሳዕ በመስታወቱ አየው። ሌባ ሲጋለጥ ማየት ደስ ይላል።

ቤት ሲደርስ ደገፉ በር ላይ ይጠብቀዋል።

"ኮቴን!"

"ቆይ እንጂ፣ ኪሱን ልፈትሽ" አለ ኤልሳዕና እጁን ከተተ።

አራቱ አዲስ ባትሪዎች ከነላስቲካቸው ወጡ።